ስለ ባለ እጆች ክብርና ስለ ስድብ

የኢትዮጵያ ሕዝብ ያለ ብረት ሠሪ አላረሰም፤ ያለ ሸማኔ አልለበሰም፤ ያለ ሸክላ ሠሪም ወጡን አልሠራም። ነገር ግን እነዚሁን የእጅ ሥራ ዐዋቂዎች «ጠይብ»፥ «ፋቂ»፥ «ቡዳ» እያለ ሲሰድባቸውና ከማዕዱ ሲለያቸው ብዙ ዘመን ኖረ። ሰው የሚያስፈልገውን ስለ ምን ይንቃል ብሎ ለሚጠይቅ የጎንደር አገር ታሪክ መልስ ይሰጠዋል።

በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ይስሐቅ ቤተ እስራኤልን ድል ካደረጉ በኋላ ያልተጠመቀ ሰው ርስት እንዳይወርስ እንደ ታዘዘ በትውፊት ይነገራል። ርስት ያጣ ሰው በእጁ ጥበብ ማደር ግድ ሆነበትና ብዙዎቹ ብረት መቀጥቀጥን፥ ሸክላ መሥራትን ያዙ። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ከቈረቈሩ በኋላም በነገሥታቱ ግንብ ሥራ ግንበኞችና አናጢዎች ሆነው አገለገሉ። ኋላ የመጣ ትውልድ ግን የነገሩን ሥር ረሳ። መሬት ስለ ተከለከሉ የእጅ ሥራ መያዛቸውን ትቶ፥ የእጅ ሠራተኞች ስለ ሆኑ መሬት አይገባቸውም አለ።

ከዚህ በኋላ ፍርሃት በንቀት ላይ ተጨመረ። ብረትን በእሳት የሚለውጥ ሰው ራሱን ለውጦ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተባለ። ልጅ በታመመ ጊዜ ያለ ምስክር ጥፋቱ በጎረቤት ላይ ወደቀ። ቤተ እስራኤልም በበኩላቸው ስለ ንጽሕና ሕጋቸው ሌላውን ከመንካት ይጠበቁ ነበርና «አትንኩኝ» ተባሉ። እንዲህም ሆኖ፥ አብሮ ያልበላ ሰው ስለ ጎረቤቱ የሚያውቀው ወሬውን ብቻ ሆነ። ነገሩ የሃይማኖት ልዩነት ብቻ አይደለም፤ ክርስቲያን የሆነ ብረት ሠሪም ከዚህ ስም አላመለጠምና።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን መስደብ ከለከሉ፤ ሰው ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን መወለዱን አስታውሰው፥ ሠራተኛን የሚሰድብ ንጉሡን እንደ ሰደበ ይቈጠራል አሉ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ዐዋጅ ደግሞ የቀድሞውን የርስት ሥርዐት ሻረ። ዐዋጅ አፍን ይዘጋል፤ ልብን ግን የሚለውጠው አብሮ መብላትና አብሮ መሥራት ነው። ብዙዎች ቤተ እስራኤል በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሄዱ፤ የቡዳ ወሬ ግን አብሯቸው አልሄደም፤ በቀረው ሰው አንደበት ተቀመጠ።

እንግዲህ ምእመናን ይህን ያስቡ። ካህኑ የሚባርክበትን መስቀል የሠራ ማን ነው? ወንጌል የተጻፈበትን ብራና የፋቀ፥ የመቅደሱን መጋረጃ የሸመነ ማን ነው? ባስልኤል የድንኳኑን ሥራ በእግዚአብሔር መንፈስ ሠራ፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ድንኳን እየሰፋ በእጁ ሥራ አደረ። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 እንደ ተጻፈ ኢዮቤልዩ ሰው ሁሉ ወደ ርስቱ የሚመለስበት ዓመት ነው። ደብሩም ኢዮቤልዩውን ሲያከብር፥ ስሙን በስድብ ለተቀማ ጎረቤት ስሙን ቢመልስለት በዓሉ በእውነት ኢዮቤልዩ ይሆናል።