የአየር እፍግታ ከፍታ፦ ከአብራሪዎች ቋንቋ ወደ ቤተሰብ መኪና ምርጫ

ቃሉ፦ ዴንሲቲ አልቲቲዩድ
በአማርኛ፦ የአየር እፍግታ ከፍታ
ፍቺው፦ የአንድ ቦታ አየር በከፍታውና በሙቀቱ የተነሣ ምን ያህል እንደ ሳሳ በሜትር የሚናገር ልክ

ከቦሌ እስከ ገርጂ፣ ከሲ.ኤም.ሲ. እስከ አያት ባለው የአዲስ አበባ ክፍል ለቤተሰብ የሚሆን መካከለኛ ኤስ.ዩ.ቪ. ለመግዛት የሚያስብ ሰው ጥያቄው ብዙ ነው። ስንት ሰው ይጭናል? መለዋወጫው እንደ ልብ ይገኛል? ነገ ልሽጠው ብል ያወጣል? ነዳጅ ይበላል? ስለ ጉልበቱ ሲጠይቅ ግን መልሱ የሚመጣው ከፋብሪካው ወረቀት ነው። ያ ወረቀት የተጻፈው ደግሞ ለባሕር ጠለል ቅርብ ለሆነ አየር ነው። የእኛ አየር ሌላ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ለመለካት አብራሪዎች ከረጅም ጊዜ ጀምሮ የሚሠሩበት ቃል አላቸው፤ መኪና ገዢም ሊይዘው ይገባል።

ስለ አማርኛው አጠራር

በትምህርት ቤት ሳይንስ በአንድ ይዘት ውስጥ ያለ የመጠነ ቁስ ልክ «እፍግታ» ይባላል። ሥሩ ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ ሰው በጠባብ ቦታ ሲጨናነቅ «ታፈገ» እንላለን። «ጥግግት» የሚለውም ቃል አለ፤ እሱ ግን ለሕዝብ አሰፋፈር ይበልጥ ተለምዷል። ስለዚህ ለአየሩ እፍግታን መርጠናል። «ከፍታ» የሚለው ደግሞ አይቀርም፤ ምክንያቱም የልኩ መጠሪያ ሜትር ነው። ቁጥሩ ግን ቦታው ያለበትን ከፍታ አይናገርም፤ የሚናገረው አየሩ የስንት ሜትር ከፍታ አየር ያህል እንደ ሳሳ ነው።

በቦሌ ያለው ቁጥር

ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በባሕር ጠለል፣ በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በቦሌ፣ 25 ዲግሪ በደረሰ ከሰዓት በኋላ፣ ያው አንድ ሜትር ኩብ ከ0.9 ኪሎ ግራም አይበልጥም። ከሩብ ትንሽ የሚበልጥ አየር ጎድሏል ማለት ነው። ይህን ወደ ሜትር ሲለውጡት የዚያን ሰዓት የአየር እፍግታ ከፍታ 3,200 ሜትር አካባቢ ይሆናል። ሌሊት ብርዱ ወደ 10 ዲግሪ ሲያወርደው ቁጥሩ ወደ 2,700 ዝቅ ይላል። መሬቱ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ሙቀቱ ግን በቀንና በሌሊት መካከል 500 ሜትር ያህል ከፍ ዝቅ አደረገው።

ለአውሮፕላን ይህ ልዩነት የሚሸከመውን ክብደት ይወስናል። ክንፍ የሚያነሣው አየር ገፍቶ ነው፤ የጄት ሞተርም የሚገፋው አየር ምጎ ነው። አየሩ ሲሳሳ አውሮፕላኑ ለመነሣት ይበልጥ መፍጠንና ይበልጥ መንደርደር አለበት። ከቦሌ መንደርደሪያዎች ረጅሙ 3,800 ሜትር የሆነው አለምክንያት አይደለም። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዎቹን ጄቶች፣ ቦይንግ 720ን፣ ሲቀበል አሮጌው የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ሊያስተናግዳቸው ባለመቻሉ ነበር ሥራው ወደ ቦሌ የተዛወረው።

ወደ አሜሪካ የሄደ ሰው ደግሞ በራሱ ጉዞ አይቶታል። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ ለብዙ ዓመታት በሮም፣ በደብሊን ወይም በሎሜ እያረፈ ሲሄድ፣ ከዋሽንግተን የሚመለሰው ግን ሳያርፍ ይገባል። ነፋሱም ድርሻ አለው፤ ዋናው ነገር ግን ለረጅም መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ሞልቶ፣ መንገደኛና ጭነት ይዞ በዚህ ስስ አየር መነሣት መክበዱ ነው። በቢሾፍቱ አቅራቢያ ለአዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ቦታ ሲመረጥ ከቦሌ ዝቅ ማለቱ እንደ ጥቅም የተቆጠረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከመንደርደሪያው ወደ መንገዱ

አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ያስፈልገዋል። ሞተር ነዳጅ ብቻ ቢያገኝ አይረዳውም፤ ጉልበቱን የሚወስነው ሲሊንደሩ የሚስበው አየር ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር አየሩን የሚስበው በፒስተኖቹ ብቻ በመሆኑ፣ ከውጭ ያለው አየር ሲሳሳ የሚያገኘውም ያንኑ ያህል ይቀንሳል። ከባሕር ዳርቻ አገር የመጣ እንግዳ በአዲስ አበባ ፎቅ ሲወጣ እንደሚያለከልከው፣ ሞተሩም በዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል።

ለቀላል ስሌት የሚበቃ ደንብ አለ፦ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ በመቶ ያህል ያጣል። 150 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈለት ባለ 2,000 ሲ.ሲ. ኤስ.ዩ.ቪ. በቦሌ የሚቀረው 115 አካባቢ ነው። በደብረ ብርሃን ከዚያም ይቀንሳል፤ በድሬዳዋ ከጠፋው ግማሽ ያህሉን መልሶ ያገኛል። ወረቀቱም አልዋሸም፤ ሞተሩም አልታመመም።

ይህን አለማወቅ ገንዘብ ያስወጣል። «መኪናው አይስብም» ተብሎ ወደ ጋራዥ የሚገባ ጤነኛ መኪና ብዙ ነው። ካንዴላ ይቀየርለታል፣ ኢንጄክተር ይታጠብለታል፣ አንዳንዴም የነዳጅ ፓምፕ ይለወጥለታል፤ ሲወጣ ግን እንደ ቀድሞው ነው። በእርግጥ የቆሸሸ የአየር ፊልትሮ እዚህ ከሌላ ቦታ ይበልጥ ይጎዳል፤ የቦሌ አራብሳና የጎሮ የግንባታ አቧራ ደግሞ ፊልትሮን ቶሎ ይደፍነዋል። ያንን ማየት ተገቢ ነው። ከዚያ አልፎ ግን ተራራን በመለዋወጫ ማውረድ አይቻልም።

የሞተር መጠንና ግብሩ

እዚህ ላይ የአገራችን ገበያ አንድ ልዩ ችግር አለበት። በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 የኤክሳይዝ ታክስ የሚጣለው በሞተር መጠንና በመኪናው ዕድሜ ተለክቶ ነው፤ 1,300 እና 1,800 ሲ.ሲ. ዋናዎቹ ድንበሮች ናቸው። ስለዚህ ገበያው ቤተሰቡን ወደ ትንሽ ሞተር ገፋው። ትንሽ ሞተር ለቪትዝ ይበቃል። ባዶውን አንድ ቶን ተኩል የሚመዝን፣ አምስት ሰው የሚጭን ኤስ.ዩ.ቪ. ላይ ሲገጠም ግን፣ በዚያ ላይ ሩቡን ጉልበት ተራራው ሲወስድበት፣ በኮተቤ ዳገት ላይ ከኋላ መኪና ያሰልፋል።

ከዚህ ችግር ለመውጣት ሦስት መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው ቱርቦ ነው። ቱርቦ ከሞተሩ በሚወጣ ጭስ እየተሽከረከረ አየሩን አምቆ ወደ ሲሊንደሩ ስለሚያስገባ፣ ከተራራው ያጣውን አብዛኛውን ይመልሳል። 1,500 ወይም 1,600 ሲ.ሲ. ባለ ቱርቦ ሞተር በባሕር ጠለል ከ2,000 ሲ.ሲ. ተራ ሞተር ጋር እኩል ቢሆን እንኳ በአዲስ አበባ ይበልጠዋል። ዋጋው በጥገና ይከፈላል፦ ዘይቱ በጊዜው መቀየር አለበት፣ ዓይነቱም ፋብሪካው ያዘዘው መሆን አለበት። ያገለገለ ቱስካን፣ ስፖርቴጅ ወይም ሌላ የቱርቦ መኪና የሚገዛ ሰው ከቀለሙ በፊት የቱርቦውን ጤንነት ያስመርምር፤ ሰማያዊ ጭስና የዘይት መጉደል ዋና ምልክቶቹ ናቸው።

ሁለተኛው ሃይብሪድ ነው። የራቭ4 ሃይብሪድን የመሰለ መኪና ቤንዚን ሞተሩ እንደ ሌሎቹ ጉልበት ያጣል፤ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ግን ምንም ስለማያጣ ክፍተቱን ይሞላል። ረጅም ዳገት ላይ ባትሪው ሲያልቅ ሥራው ሁሉ በቤንዚኑ ላይ እንደሚወድቅ ግን አይዘንጋ።

ሦስተኛው ሙሉ የኤሌክትሪክ መኪና ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቁ ወዲህ፣ አዲስ መኪና ፈላጊ በአብዛኛው የሚያገኘው ይህንን ነው፤ ቢ.ዋይ.ዲ. ሶንግ ፕላስ፣ ፎልክስቫገን አይዲ.4 እና አይዲ.6፣ ቶዮታ ቢዚ4ኤክስ በቦሌ ጎዳና ላይ የተለመዱ ሆነዋል። ውሳኔው የተላለፈው ስለ ነዳጅ ምንዛሪ ታስቦ ነው፤ ለደጋ አገር ሰው ግን ያልታሰበ ጥቅም ይዞ መጣ። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ የአየር እፍግታ ከፍታ ጉልበቱን አይነካውም። እንዲያውም ስስ አየር መኪናውን ከፊት የሚገታበት ኃይል ስለሚያንስ፣ በፈጣን መንገድ ላይ ባትሪውን ትንሽ ይቆጥብለታል።

ይሁንና የኤሌክትሪክ መኪናም የራሱ የወረቀት ቁጥር አለው። ለቻይና ገበያ የተሠሩት መኪኖች አንድ ሙሌት የሚያስኬደው ርቀት የሚጻፈው ሲ.ኤል.ቲ.ሲ. በተባለው የአገሩ መለኪያ ነው፤ ልኩ በአውሮፓ ከሚጠቀሙበት የሰፋ በመሆኑ ሙሉውን አምነው ጉዞ አያቅዱበት። ከፍታውም በሌላ በኩል ሒሳቡን ያስከፍላል። ከቦሌ እስከ አዳማ 600 ሜትር ያህል ቁልቁለት አለ። ሁለት ቶን ከመቶ ኪሎ የሚመዝን ሙሉ መኪና ያንን ከፍታ ሲመለስ ለመውጣት ብቻ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያወጣል፤ ይህ በሜዳ ወደ 20 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ነው። ሲወርድ ከፊሉን መልሶ ወደ ባትሪው ያስገባል። ስለዚህ የመልሱን መንገድ ከመሄጃው ጋር እኩል አድርጎ ማሰብ ስሕተት ነው።

ፍሬንና ራዲያተር

ስስ አየር የሚነካው ጉልበትን ብቻ አይደለም። በብዙ የቤንዚን መኪኖች ፍሬኑን የሚያግዘው ሰርቮ የሚሠራው በውጭው አየር ግፊት ነው። ግፊቱ በአዲስ አበባ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ እገዛውም ይቀንሳል። መኪናው ሲሞላ ፔዳሉ ይበልጥ ጠንከር ተደርጎ መረገጥ አለበት። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ወይም ከጣርማበር ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰው በዝቅተኛ ማርሽ ይውረድ፤ ፍሬኑን ረግጦ መያዝ ያግለዋል። የኤሌክትሪክ መኪና የያዘ ደግሞ ከእንዲህ ያለ ቁልቁለት በፊት ባትሪውን እስከ 100 በመቶ አይሙላ፤ ሙሉ ባትሪ ተመላሹን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው ሥራው በሙሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል።

ውሃ በአዲስ አበባ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የሞተር የሥራ ሙቀት ከዚያ እኩል ወይም በላይ በመሆኑ፣ እንዳይፈላ የሚጠብቀው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊትና በውስጡ ያለው ኩላንት ነው። ያረጀ ክዳን በቆላ ትንሽ ጥፋት ነው፤ በደጋ ዳገት ላይ ሞተር ያቃጥላል። ኩላንት እያለ የቧንቧ ውሃ መሙላትም እንዲሁ።

ሲገዙ

መኪና ስንሞክር ብዙ ጊዜ ከደላላው ጋር ሆነን በሜዳ መንገድ አንድ ዙር እንሄዳለን። ይህ የሚያሳየው ወንበሩን ነው። መኪናው የሚፈተነው ተሞልቶ ነው። ከውጭ የሚመጣ አንድ ዘመድ ብዙ ጊዜ ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ይዞ ይወርዳል፤ ሁለት ሰው ከተቀበሉ ሻንጣው ብቻ 92 ኪሎ ነው፣ እንግዶቹና ተቀባዩ ቤተሰብ ሳይቆጠሩ። ስለዚህ ቤተሰቡን አሳፍረው፣ ሻንጣ የሚያህል ክብደት ጭነው፣ ፀሐይ በበረታችበት ከሰዓት በኋላ ወደ ኮተቤ ወይም ወደ እንጦጦ ይውጡ። በዳገቱ መሐል ቆመው እንደገና ይነሡ። ሲመለሱ ፍሬኑንና የሙቀት መለኪያውን ይዩ። በተጨማሪም በሾፌሩ በር ዓምድ ላይ ወይም በመመሪያው መጽሐፍ የተጻፈውን የጭነት ልክ ያንብቡ፤ ልኩ ሰውንም ሻንጣንም በአንድነት ይቆጥራል።

ከዚያ በኋላ ውሳኔው አይከብድም። በቤትዎ ወይም በሥራ ቦታዎ ቻርጅ የሚያደርጉበት መስመር ካለዎት፣ ጉዞዎም በአብዛኛው ከተማ ውስጥና እስከ አዳማ ከሆነ፣ ለዚህ ከፍታ የሚስማማው የኤሌክትሪክ ኤስ.ዩ.ቪ. ነው። ወደ ጎጃም፣ ወደ ወሎ ወይም ወደ ሐረርጌ አዘውትረው የሚሄዱ ከሆነ ግን በጥንቃቄ የተያዘ የቱርቦ ወይም የሃይብሪድ መኪና ይፈልጉ። ቱርቦ የሌለው ትንሽ ሞተር የተገጠመለትን ትልቅ ገላ፣ ዋጋው ቢያማልልም፣ ይተዉት። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከመረጡ ግን የሻጩን የፈረስ ጉልበት ቁጥር ተቀብለው ሩቡን ይቀንሱለት፤ ቤተሰብዎን ዳገት የሚያወጣው የቀረው ነው።