የጋማ ከብት በኢሉባቦር

በኢሉባቦር የጋማ ከብት፣ ማለትም ፈረስ፣ በቅሎና አህያ፣ የመኪና መንገድ ከመስፋፋቱ በፊት የቡናውን ንግድም የዕለት ኑሮውንም የተሸከመ ሀብት ነበር። የአገሩ ስም ራሱ ከፈረስ ጋር ይያያዛል፤ «አባ ቦራ» የኢሉ ኦሮሞዎች መሪ የነበሩት የጫሊ ሾኖ የፈረስ ስም እንደሆነ ይነገራል። አፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው» እንደተባሉት ሁሉ ታላላቅ ሰዎች በፈረሳቸው ስም መጠራታቸው የተለመደ ነበር።

እርባታ

በቅሎ የሚገኘው ባዝራን ከአህያ ድንጉላ በማዳቀል ነው። ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞሶም ሲኖራቸው በቅሎ 63 ስለሚኖረው መካን ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ በቅሎ ከባዝራ እንደ አዲስ መወለድ አለበት፤ እርግዝናው 11 ወር ያህል ይፈጃል፤ ውርንጭላው ለጭነት እስኪደርስም ዓመታት መጠበቅ ግድ ነው። በቅሎ ከፈረስ ይልቅ የሚወደድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እንደ አውሮፓ ከባድ ሠረገላ የሚጎትት ግዙፍ የፈረስ ዘር በኢትዮጵያ አልተለመደም። ቦታውን የያዘው አጋሰስ ነው። ቃሉ ለግልቢያ ሳይሆን ለጭነት የተለየ ከብትን ያመለክታል (ሆዳም ሰውም ይሰደብበታል)። የኮርቻ በቅሎ ግን ሹማምንት፣ ካህናትና ሙሽሮች የሚቀመጡባት ስለሆነች ጭነት አይጫንባትም።

የቡናው መንገድና ገንዲ

በ1894 ዓ.ም. (1902 እ.ኤ.አ.) በተፈረመው ውል መሠረት እንግሊዞች በባሮ ወንዝ ዳር ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ አቋቋሙ። የኢሉባቦር ቡና፣ ቆዳና ሰም በጎሬና በቡሬ አልፎ ወደዚያ ይወርድ ጀመር። ሆኖም ከካርቱም የሚመጡት መርከቦች የሚደርሱት ባሮ በክረምት ሲሞላ ብቻ ነው። ሲራራ ነጋዴው ደግሞ በጭቃና በሙላት ምክንያት በክረምት መጓዝ አይችልም። ቡናው በበጋ ይወርድና መርከብ ሲጠብቅ ጋምቤላ ይከርማል።

ከዚህ የከፋው እንቅፋት ገንዲ ነበር። በቆላ ዝንብ የሚተላለፈው ይህ በሽታ ከብቱን ደም አሳጥቶና አክስቶ ይገድላል። ዝንቡ በብዛት የሚገኘው ከ1,600 ሜትር በታች ባለው ቆላ ነው፤ ጎሬ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ጋምቤላ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በምሥራቅም የዴዴሳ ሸለቆ ዝንብ አለበት። ደጋው በዝንብ እንደተከበበ ደሴት ነበር ማለት ይቻላል፤ ነጋዴውም በቅሎውን ወደ ቆላ ሲነዳ እንደማይመለስለት እያወቀ ነው። በዚህ ምክንያት ጭነቱ በሰው ትከሻም ይወርድ ነበር። በቅሎ 5 ፈረሱላ (85 ኪሎ ገደማ) ስትጭን ሰው የዚያን ግማሽ መሸከም እንኳ ይከብደዋል፤ ወጪውንና የሰዉን ድካም መገመት አያዳግትም።

ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ

ሱዳን ነፃ ስትወጣ በ1956 እ.ኤ.አ. ጋምቤላ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰች፤ የወንዙ ንግድም ቀዘቀዘ። ቡናው በጅማና በበደሌ በኩል በመኪና ወደ አዲስ አበባ መጓዝ ያዘ። በኋላም የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማነት ከጎሬ ወደ መቱ ተዛወረ።

የጭነት ከብት ግን አልጠፋም። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በመዘገበው የያዮ ደን አካባቢን በመሰሉ ቦታዎች ቡናው ከጫካ እስከ መኪናው መንገድ ድረስ ዛሬም በከብት ጀርባ ይወጣል። ገንዲም አልጠፋም፤ በደሌ የሚገኘው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ከሚከታተላቸው በሽታዎች አንዱ ነው።