የሸሚዙ ዋጋ፦ ከዳካ እስከ ሐዋሳ

የዛሬው ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታግሣችሁ አንብቡልኝ።

ሮብ ሮብ እዚህ ገበያችን ከሚዘረጋው ሰልባጅ አንዱን ሸሚዝ አንስታችሁ አንገቱ ላይ ያለችውን ምልክት ብታዩ የአገር ስም ታገኛላችሁ። ባንግላዴሽ፣ ቻይና፣ ቬትናም። የት እንደተሰፋ ትነግራችኋለች። ማን እንደሰፋው፣ ስንት እንደተከፈለው ግን አትነግራችሁም። ለመሆኑ ባሕር ማዶ አሠርቶ የሚሸጥ ኩባንያ ስለ ሠሪው መብት ይጠየቃል ወይ?

ታሪኩን ከኒውዮርክ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1911 ትራያንግል የሚባል የልብስ ፋብሪካ ተቃጠለ። አንደኛው መውጫ በር ተቆልፎ ነበርና 146 ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹ ወጣት ስደተኛ ሴቶች ናቸው። ከተማው በቁጣ ወጣ፤ የሥራ ደኅንነት ሕጎችም ተለወጡ። ልብ በሉ፣ ያኔ ሠሪውም፣ ገዢውም፣ ሕግ አውጪውም አንድ አገር ነበሩ።

በኋላ ፋብሪካው ባሕር ተሻገረ። ገዢው እዚያ፣ ሠሪው እዚህ ሆነ። ሠሪው ሲጎዳ ኩባንያው "ፋብሪካው የኔ አይደለም" ማለት ቻለ።

ይህን መልስ ያፈረሰው የዳካው አደጋ ነው። ሚያዝያ 15 ቀን 2005 ዓ.ም. ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ተሰነጠቀ። ሕንፃው ውስጥ ያለው ባንክ ሠራተኞቹን አስወጣ። ልብስ ሰፊዎቹ ግን በማግስቱ ግቡ ተባሉ። ሕንፃው ተደረመሰ፤ 1,134 ሰዎች ሞቱ። ከፍርስራሹ ውስጥ የታወቁ የአውሮፓና የአሜሪካ ኩባንያዎች ምልክት ተገኘ። በወሩ ገዢዎቹ ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር በሕግ የሚያስገድድ የሕንፃና የእሳት ደኅንነት ስምምነት ፈረሙ።

ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2011፣ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ምክር ቤት መመሪያ መርሆዎች አጽድቆ ነበር። ባጭሩ ሦስት ነገር ይላሉ፤ መንግሥት መብትን ይጠብቅ፣ ኩባንያ መብትን ያክብር፣ የተጎዳ ሰው ይካስ። የኩባንያው ኃላፊነት በራሱ ግቢ አያበቃም፤ ዕቃ እስከሚያቀርቡለት ድረስ ይዘልቃል።

አሁን ወደ ቤታችን። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. ተመረቀ። ፊት መሪው ገዢ ፒቪኤች ነበር፤ ካልቪን ክላይንና ቶሚ ሂልፊገር የእሱ ናቸው። ይህ ኩባንያ ባንግላዴሽ ውስጥ የደኅንነት ስምምነት ቀድመው ከፈረሙት አንዱ ነው። ከራና ፕላዛ የተማረ አዲስ ፓርክ ተባለ፤ ሕንፃውም ጥሩ ነበር።

ደመወዙስ? እ.ኤ.አ. በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት መነሻው በወር 26 ዶላር ነበር፤ በጊዜው ምንዛሪ 750 ብር ገደማ። የባንግላዴሽ 95፣ የኬንያ 207 ዶላር ነበር። ሴቶቹ አንዲት ክፍል ለብዙ ሆነው ይከራያሉ፤ አልሆን ሲላቸው ጥለው ይሄዳሉ። ሕግ ተጥሷል? አልተጣሰም! ለግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል አልነበረንማ። መንግሥትም ይህንኑ ርካሽ ጉልበት ባለሀብት መሳቢያ አድርጎት ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ደነገገ፤ መደንገግ ግን አንድ ነገር፣ ወለሉን ማስቀመጥ ሌላ ነገር ነው።

ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ። አሜሪካ በሰብአዊ መብት ጥሰት ምክንያት ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ከቀረጥ ነፃ ገበያዋ፣ ከታህሳስ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ አስወጣች። ፒቪኤችም ግጭቱን ጠቅሶ ፋብሪካውን ዘጋ። ሺዎች ሥራ አጡ። በሰብአዊ መብት ስም የተወሰደ ቅጣት ቅድሚያ ያረፈው ጦርነቱን ባላወጀችው ልብስ ሰፊ ላይ ነው።

እኔን የሚከነክነኝ ይሄ ነው። መብት ማክበር ሲባል ብዙ ጊዜ የምናየው የእሳት ማጥፊያ አለ ወይ፣ ሕፃን ይሠራል ወይ የሚለውን ነው። ይህ ግድ ነው፤ ግን አይበቃም። ገዢው ለአንድ ሸሚዝ የሚከፍለው ዋጋ ራሱ የመብት ጉዳይ ነው፤ በዚያ ዋጋ ሠራተኛዋ በልታ ማደር ካልቻለች ተቆጣጣሪ ቢመላለስ ምን ዋጋ አለው? አወጣጡም እንደዚሁ። እነዚያው መርሆዎች ኩባንያ ግንኙነቱን ከማቋረጡ በፊት መውጣቱ በሰው ላይ የሚያመጣውን ጉዳት ያጢን ይላሉ። ሥራ አይምጣ እያልኩ አይደለም፤ ይምጣ፣ ግን በሰው ልክ ይምጣ።

ተማሪዎቼ፣ ከመካከላችሁ ሻንጣ ሸክፋችሁ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወደ ኮምቦልቻ የሄዳችሁ አላችሁ። ውላችሁን አንብባችሁ ፈርሙ፤ ቅጂውን ያዙ። ማኅበር ካለ ግቡ፤ ከሌለ ለማቋቋም ተመካከሩ፤ መደራጀት የሕገ መንግሥት መብታችሁ ነው። ፓርክ ውስጥ የሠራችሁ ደግሞ የምታውቁትን ኮመንት ላይ ጻፉልን፤ ታናናሾቻችሁ ይማሩበታል።

ቸር እንሰንብት።