ከኋላ የሚጀምር እርጅና፦ በትልልቅ ውሾች የኋላ እግር ድክመትና መንቀጥቀጥ ላይ የፊዚዮቴራፒ ድርሻ

እ.ኤ.አ. በ2006 በስዊዘርላንድ፣ በርን የሚሠሩ የእንስሳት ነርቭ ሐኪሞች ባሳተሙት ጥናት ውስጥ ሦስት ቁጥሮች አሉ፤ 255፣ 130 እና 55። የተቆጠረው ቀን ነው። ኅብለ ሰረሰራቸው ቀስ በቀስ እየመነመነ ነው ተብለው ከተጠረጠሩ 22 ውሾች መካከል ዘጠኙ በየዕለቱ ጠንከር ያለ ፊዚዮቴራፒ ተሠርቶላቸው በአማካይ 255 ቀን ኖሩ፤ ስድስቱ መጠነኛ ተሠርቶላቸው 130፤ ሰባቱ ምንም ሳይሠራላቸው 55። ስለ አረጀ ትልቅ ውሻ ማገገሚያ ሲጻፍ እነዚህ ቁጥሮች ሳይጠቀሱ የሚቀሩት ከስንት አንዴ ነው። እኔም ቁጥሮቹን አልጠራጠርም። የምጠራጠረው የለኩት የውሻውን እግር ብቻ ነው የሚለውን አነባበብ ነው።

በሽታው በሕክምና ጽሑፍ የታወቀው እ.ኤ.አ. ከ1973 ወዲህ ሲሆን ገለጻው የተመሠረተው በአረጁ ጀርመን ሼፐርዶች ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ሶድ 1 በተባለ ዘረመል ላይ ያለ ለውጥ ከበሽታው ጋር እንደሚያያዝ አሳዩ። ይኸው ዘረመል ሰውን ሽባ ከሚያደርገው ኤ.ኤል.ኤስ. ጋር ያለው ዝምድና የታወቀው ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ውሻው አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ዓመት ካለፈው በኋላ አንዱን የኋላ እግሩን መጎተት ይጀምራል። ከሚታየው በፊት የሚሰማው ይቀድማል፤ ጥፍሩ አስፋልቱን ሲፍቅ። አያመውም፣ አያለቅስም። ትልልቆቹ ብዙውን ጊዜ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ያለ እርዳታ መራመድ ያቅታቸዋል። የዘረመል ምርመራው የሚናገረው ስለ አደጋው ብቻ ነው፤ ለውጡን ከአባትም ከእናትም ወርሰው ሳይታመሙ የሚያረጁ ብዙ ናቸው። እርግጡ የሚታወቀው ከሞት በኋላ ኅብለ ሰረሰሩ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። የበርን ሐኪሞች «የተጠረጠሩ» ያሉትም ለዚህ ነው።

መንቀጥቀጥ ሌላ ጉዳይ ነው። ባለቤቶች ድክመትንና መንቀጥቀጥን አንድ ላይ ጠቅልለው «አርጅቷል» ይላሉ፤ ቃሉ ዕድሜውን ይናገራል እንጂ የቱ አካል እንደተጎዳ አይናገርም። ቆሞ ሲበላ ጭኑ የሚርገፈገፍ፣ ሲራመድ ወይም ሲተኛ ግን የሚተወው ውሻ ብዙ ጊዜ የሳሳው ጡንቻው ክብደቱን መሸከም ከብዶት ነው። በሽማግሌ ውሾች ላይ ሌላ ምክንያት የማይገኝለት እንዲህ ያለ መንቀጥቀጥም አለ፤ ብቻውን ሲሆን ብዙ አያሰጋም። ጅራቱን ቀና ሲያደርጉበት የሚያቃስት ከሆነ ግን፣ የመጨረሻው የወገብ አጥንት ከዳሌው በሚገናኝበት ቦታ ነርቮቹ ተጨንቀው ሊሆን ይችላል። ምግቡ ሲዘገይበት ወይም ከሩጫ በኋላ የሚንቀጠቀጥና የሚወድቅ ውሻ ደግሞ የደሙ ስኳር ይለካ፤ ኢንሱሊን የሚያመነጭ የቆሽት ዕጢ በኋላ እግር ድክመት ራሱን ሊገልጥ ይችላል። ለእንዲህ ያለው ውሻ በባዶ ሆዱ ልምምድ ማዘዝ መጉዳት ነው።

ከሁሉም የሚዘነጋው የላብራዶሩ ጉዳይ ነው። ድምፁ ይሻክራል፤ ሲተነፍስ እንደ ወናፍ ይሰማል፤ ባለቤቱ ጉሮሮውን ያሳክማል፤ የኋላ እግሩ መድከም ለብቻው የመጣ ሌላ ችግር ይመስለዋል። የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2010 ካሳተመው ጥናት ወዲህ ግን የሽማግሌ ውሻ የማንቁርት ሽባነት በአብዛኛው መላ ሰውነትን ቀስ በቀስ የሚይዝ የነርቭ በሽታ መጀመሪያ ተደርጎ ይታያል። ረጃጅሞቹ ነርቮች ቀድመው ይጎዳሉ። የማንቁርቱ ነርቭ ወደ ደረት ወርዶ ተመልሶ ወደ አንገት የሚወጣ ስለሆነ ረጅም ነው፤ ወደ ኋላ እግር የሚወርደውም እንደዚያው።

ሐኪሞች ከሚያደርጓቸው ፈተናዎች አንዱ ማሽን አይፈልግም። የቆመውን ውሻ ደግፎ መዳፉን መገልበጥና ጀርባው ወለሉን እንዲነካ ማድረግ ነው። ጤነኛ ውሻ ወዲያው ያቀናዋል፤ የዳሌ መገጣጠሚያ ብቻ ያመመውም እንዲሁ። መዳፉ እንደተገለበጠ ከቀረ ችግሩ በነርቭ ወይም በኅብለ ሰረሰር ነው ተብሎ ይጠረጠራል። (ስለ አገራችን አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ባልጠፋበት ስፍራ፣ በቀናት ውስጥ ሽባ እየሆነ የሚሄድና ክትባቱ ያልተሟላ ውሻ፣ ማንም ሳይነካካው በፊት ሐኪም ይየው።)

ወደ ልምምዱ ስንመጣ፣ የቆመ ውሻ 60 ከመቶ ገደማ የሚሆነውን ክብደቱን በፊት እግሮቹ ይሸከማል። ኋላው ሲደክም ይበልጥ ወደ ፊት ይደገፋል፤ ያልሠራው የኋላ ጡንቻ ይሳሳል፤ መሳሳቱ ደግሞ እንደገና ወደ ፊት ያስደግፈዋል። ፊዚዮቴራፒ የሚገባው በዚህ አዙሪት መካከል ነው። የሞተ የነርቭ ክር አያስነሣም፤ ባለመሥራት የጠፋውን ጡንቻ ግን በከፊል ይመልሳል። ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ስሙ የገነነው በውኃ ውስጥ የሚሠራው ትሬድሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ልኬት እንደሚያሳየው፣ ውኃው ቁርጭምጭሚት ሲደርስ ውሻው ከክብደቱ 91 ከመቶውን፣ ጉልበት ሲደርስ 85 ከመቶውን ይሸከማል፤ ዳሌ ሲደርስ 38 ከመቶውን ብቻ። እስከ ጉልበት በሚደርስ ውኃ የሚያራምድ ሰው ክብደት አቀለልሁለት ብሎ አይኩራ። ማንቁርቱ ሽባ ለሆነው ላብራዶር ደግሞ ዋና ክፉኛ ያሰጋል፤ ውኃ ወደ ሳንባው እንዳይገባ የሚከለክለው በር በደንብ አይዘጋለትም፤ ሙቀትም አይችልም።

ውኃው በሌለበት ዋናው መሣሪያ ዝግታ ነው። ውሻ ሲፈጥን ሁለቱን የኋላ እግሮች አጣምሮ እንደ ጥንቸል ይዘላል፤ ደካማው እግር ሳይሠራ ያልፋል። ማሰሪያው አጥሮ በዝግታ ሲሄድ ግን እያንዳንዱ እግር ተራው ሲደርስ መሸከሙ አይቀርለትም። ከመቀመጥ መነሣት፣ መሬት ላይ በተጋደሙ ቀጫጭን እንጨቶች ላይ መራመድ፣ ቆሞ ሳለ ዳሌውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ለስለስ አድርጎ መግፋትም አለ። በቀን ብዙ ጊዜ አምስት አምስት ደቂቃ ከአንድ ረጅም ሽርሽር ይሻላል። ጭኑ መርገፍገፍ ከጀመረ ልምምዱ ቀደም ብሎ ማብቃት ነበረበት ማለት ነው።

በመኝታውና በምግቡ መካከል የማያንሸራትት ምንጣፍ መዘርጋት፣ ጥፍሩን ማሳጠር፣ በጣቶቹ መካከል ያደገውን ፀጉር መቁረጥ፣ ደረጃ ላይ ፎጣ በሆዱ ሥር አሳልፎ ማገዝ ርካሽ ነገሮች ናቸው፤ እንደ ትሬድሚሉ ለፎቶግራፍ አያምሩም። ክብደት ግን ከሁሉም ይበልጣል። በ48 ላብራዶሮች ላይ ዕድሜ ልካቸውን የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው ጥናት፣ ከጥንዶቻቸው 25 ከመቶ ያነሰ ምግብ የተሰጣቸው በመካከለኛ ስሌት 1.8 ዓመት ያህል የበለጠ እንደኖሩ፣ የመገጣጠሚያ ሕመማቸውም እንደዘገየ አሳይቷል። የሰው ማስታገሻ፣ በተለይ አይቡፕሮፌን፣ የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል። በሐኪም የሚታዘዘው ጋባፔንቲንም ራሱ ያንገዳግዳል፤ በሽታው ባሰበት ከማለት በፊት መጠኑን ማየት ይገባል።

ወደ በርን ልመለስ። ውሾቹ በዕጣ የተከፋፈሉ አልነበሩም። በየቀኑ ልምምዱን ያሠራ ባለቤት በራሱ ትጋት ያሠራ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ውሻው መቆም ሲያቅተውም ቶሎ እጅ አይሰጥም። በዚህ በሽታ ደግሞ አብዛኛው ውሻ የሚሞተው ባለቤቱ «ይብቃው» ብሎ በሐኪም መርፌ ሲያርፍ ነው። በ255ቱ ቀን ውስጥ የጡንቻ ድርሻ አለ፤ የትዕግሥትም ድርሻ አለ፤ ጥናቱ ሁለቱን አይለይልንም። ኮርጊ የተባለውን አጭር እግር ውሻ እንይ። በዚያው በሽታ ሲያዝ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት እንዳገኘው፣ የሕመሙ ቆይታ በመካከለኛ ስሌት 19 ወር ነው። ኅብለ ሰረሰሩ ስለሚጠነክር አይመስለኝም፤ አንድ ሰው በብብቱ ይዞ ደረጃ ሊያወጣው ይችላል። 40 ኪሎ የሚመዝነውን ጀርመን ሼፐርድ ለማንሣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ወደ ሥራ ይሄዳል።

ስለዚህ ቀጣዩ ጥናት የኖሩበትን ቀን ከመቁጠር ባሻገር፣ ውሻው ሳይወድቅ ስንት እርምጃ እንደሄደና ሳይታገዝ ከመኝታው ስንት ጊዜ እንደተነሣ በየሳምንቱ ይመዝግብ። በቅጹም ላይ ሦስት ዓምዶች ይጨመሩ፤ የውሻው ኪሎ፣ የቤቱ ደረጃ ብዛት፣ ሌሊት ሲወድቅ የሚያነሣው ሰው።