ቍስቋም፤ ከጎንደር በላይ ያለው የእቴጌ ምንትዋብ ግንብ

ስለ ጎንደር ግንቦች የሚጻፈው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ከፋሲል ግቢ ቅጥር አይወጣም። ከከተማው በስተ ሰሜን ምዕራብ በኮረብታ ላይ ቆሞ ወደ ታች የሚመለከተው የደብረ ፀሐይ ቍስቋም ግንብ ከተነሣም፣ እቴጌ ምንትዋብ ከዓለም ሁከት ገለል ያሉበት የጸሎት ማረፊያ ተብሎ ይታለፋል። ይህ አስተያየት መመርመር የሚገባው ይመስለኛል።

ዐፄ በካፋ በ1730 (ዘመኑን ሁሉ የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው) ሲያርፉ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ገና ሕፃን ነበሩ። እናቲቱም ብርሃን ሞገሳ ተብለው ዘውድ በመጫን ከልጃቸው ጋር ነገሡ። በ1732 ዐመፀኞች ሌላ ንጉሥ አንግሠው እናትና ልጅን በገዛ ግቢያቸው ከበቧቸው። ቍስቋም የተሠራው በዚሁ ዘመን ነው። ለኮረብታው የተመረጠው ስምም እመቤታችን ልጇን ይዛ ከሄሮድስ የሸሸችበት የግብፅ ስፍራ ስም ነው፤ በዓሉም ኅዳር 6 ቀን ይከበራል። ሕፃን ንጉሥ ለምትጠብቅ እናት ይህ ስም እንዲያው የወጣ አይመስልም።

ከስሙ ይልቅ ግን ሕንጻው ይመሰክራል። ቅጥሩ ቤተ ክርስቲያኑን፣ በቀይ ድንጋይ በተቀረጸ መስቀል ያጌጠውን ቤተ መንግሥትና ሰፊውን የግብር አዳራሽ በአንድነት ይዟል። ለጸሎት የተለየ ሰው የግብር አዳራሽ ምን ያደርግለታል? በግብር ላይ መኳንንቱ እንደ ማዕረጋቸው ይቀመጣሉ፤ ማን እንደ ቀረበ፣ ማን እንደ ራቀ ይታያል። ስለዚህ አዳራሹ ራሱ የመንግሥት ሥራ ቦታ ነው።

የማረፊያነቱ ወሬ የመጣው ከኋለኛው ዘመን ነው። ዐፄ ኢያሱ በ1755 ዐረፉ፤ የልጅ ልጃቸውን ዐፄ ኢዮአስን ደግሞ ራስ ሚካኤል ስሑል በ1769 አስገደሏቸው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 መጥቶ በቍስቋም ፈንጣጣ የያዛቸውን የቤተ መንግሥት ልጆች ሲያክም (ራሱን ማመስገን እንደማይሰለቸው አንባቢው ያውቃል) ያገኛቸው ሥልጣን ከእጃቸው የወጣባቸውን እመቤት ነበር። ከእርሱ በኋላ የጻፉት ብዙዎች ይህን የመጨረሻ ዘመን ወደ መጀመሪያው መልሰው አነበቡት።

እቴጌይቱ በ1773 ዐረፉ። በ1888 ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ቍስቋምም ከጥፋቱ አልዳነም፤ ቤተ ክርስቲያኑ በኋላ እንደገና ሲሠራ ቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ ሆኖ ቀረ። ግቢው በ1979 ከፋሲል ግቢ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። የእናት፣ የልጅና የልጅ ልጅ ዐፅም የሚባለውም በዚያው በመስተዋት ሣጥን ተጠብቆ ይታያል።