ጫነ እና ተጫነ

«ጫነ» ሲባል ቀድሞ የሚታየን አህያና አጋሰስ ነው፤ ዕቃን ጀርባ ላይ ማኖር። ኮምፒውተር ሲመጣ ቃሉ ሥርዓተ ክወናን ዲስክ ላይ ማኖርንም ተሸከመ። «ተጫነ» ግን ሁለት ፍቺ አለው፦ ፕሮግራሙ ተጫነ፤ ሰውየው ቁልፉን ተጫነ። በ1993 እ.ኤ.አ. እንደተጀመረው ደቢያን ባለ ነፃ ሥርዓተ ክወና የመጫኛ መመሪያ ውስጥ፣ ወደ አማርኛ ሲተረጎም፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ይመጣሉ። ዋናው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሲታደስ የቀድሞው ትርጉም እንደገና እንዲታይ ምልክት ይደረግበታል፤ ተርጓሚ እስኪያርመው ድረስ በቦታው እንግሊዝኛው ይመለሳል። ስለዚህ እርማቱ ሁሉ ለየፍቺው በአንድ ቃል ይጽና፦ ለፕሮግራሙ «ጫን»፣ ለቁልፉ «ተጫን»። «ተጫነ» ስንልም ምን እንደተጫነ እንግለጽ። ዲስክ በሚያጠፋ ትእዛዝ ላይ የተዛባ ቃል የሰውን ፋይል ያስጠፋል።