የሦስት ወር መርፌ፦ አንድ ጊዜ መወጋትና ለዓመታት መወጋት

በንግድ ስሙ ዴፖ ፕሮቬራ የሚባለው የሦስት ወር መርፌ በኢትዮጵያ በስፋት የታወቀ የእርግዝና መከላከያ ነው። ወደ እስራኤል ከመጡ ሴቶች መካከልም እዚያው ጉዞ ሲጠብቁ የጀመሩት፣ እዚህ ከገቡም በኋላ ለዓመታት የቀጠሉበት አሉ። ዛሬ ብዙዎቹ በዕድሜ ገፍተዋል። መርፌው ቢቆምም፣ ስንት ጊዜ እንደተወጉ ማስታወሱ ለጤናቸው ይጠቅማል።

አንዱ መርፌ 150 ሚሊግራም መድኃኒት ይዟል። መድኃኒቱ ከጡንቻ ቀስ እያለ ወደ ደም ይገባና ለሦስት ወር ያህል እንቁላል እንዳይለቀቅ ያደርጋል። አንድ ጊዜ ብቻ የተወጋች ሴት የወር አበባዋ ሊዛባ፣ ራሷንም ሊያማት ይችላል። መድኃኒቱ ከሰውነቷ ሲወጣ ግን ይህ ያልፋል።

ሲደጋገም ነገሩ ይለወጣል። መርፌው ኤስትሮጅን የተባለውን የሴት ሆርሞን ይቀንሳል፤ ይህ ሆርሞን ደግሞ የአጥንት ጠባቂ ነው። ለ5 ዓመት በተከታታይ የተወጉ ሴቶች የአጥንታቸው ጥግግት በአማካይ ከ5 እስከ 6 በመቶ ቀንሶ ታይቷል። መርፌው ሲቆም አጥንት መልሶ ይጠነክራል፤ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ግን ይችላል። በዚህም ምክንያት የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2004 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ሌላ የሚስማማ መከላከያ እስካለ ድረስ ከ2 ዓመት በላይ እንዳይወሰድ አስጠንቅቋል።

በ2024 የወጣ የፈረንሳይ ጥናትም መርፌውን አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የተጠቀሙ ሴቶች ማኒንጂዮማ በተባለ የአንጎል ሽፋን ዕጢ የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ማለቱን አሳይቷል። በሽታው ግን ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም።

በእስራኤል ጉዳዩ መነጋገሪያ የሆነው በ2012 መጨረሻ በቴሌቪዥን ከቀረበ በኋላ ነው። በጥር 2013 የጤና ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር ሮኒ ጋምዙ፣ ስለ መርፌው ውጤት በሚገባ ላልተረዳች ሴት ማዘዣው እንዳይታደስ፣ ካስፈለገም አስተርጓሚ እንዲጠራ ለኩፓት ሆሊሞች መመሪያ አስተላለፉ። በ2016 የመንግሥት ተቆጣጣሪው መርፌው በግዳጅ ለመሰጠቱ ማስረጃ እንዳላገኘ አስታወቀ።

በቂርያት ማላኪ፣ በገደራም ሆነ በያቭኔ የምትኖር፣ መርፌውን ለዓመታት የወሰደች እናት ይህን ለቤተሰብ ሐኪሟ ብትነግር መልካም ነው። «ጽፊፉት ኤጼም» የተባለው የአጥንት ጥግግት ምርመራ ያስፈልጋት እንደሆነ፣ የቫይታሚን ዲ መጠኗም እንዲታይላት ትጠይቅ። የማያቋርጥ የራስ ምታት ወይም የዓይን መደብዘዝ ካለባት ሳትውል ሳታድር ትናገር። አሁንም በመወጋት ላይ ያለች ልጅ ካለቻት ደግሞ፣ በድንጋጤ ከማቆሟ በፊት ሐኪም ታማክር። አንድ መርፌና ሃያ መርፌ እኩል አይደሉምና ቁጥሩ አይደበቅ።